የተሳቢው ወለል፤ ጣውላ ወይስ ላሜራ?

ድሬዳዋ የሚኖሩ አንዲት አንባቢያችን በዚህ ሳምንት ለቤተሰብ ገጽ ደብዳቤ ልከዋል። ወይዘሮዋ ከባለቤታቸው ጋራ በግና ፍየል ያረባሉ። አንድ አሮጌ ፒክአፕ መኪናና ከኋላው የሚጎተት ባለሁለት ጎማ ተሳቢ አላቸው። በሳምንት አንድ ቀን በጎቹንና ፍየሎቹን ወደ ገበያ ያወርዱበታል፤ በቀሩት ቀኖች ደግሞ በበርሜል ውሀ ይቀዱበታል፥ ድርቆሽም ያመላልሱበታል። ከጥቂት ወራት በፊት ከወለሉ ጣውላዎች አንዱ ውሀ በሞላ በርሜል ሥር ተሰበረና በርሜሉ ከመንገዱ ላይ ወደቀ። በሰው ላይ ጉዳት አልደረሰም። ነገር ግን ያ ቦታ የስምንት ዓመት ልጃቸው ዘወትር የሚቀመጥበት ስለ ነበረ እናትና አባት እጅግ ደነገጡ።

አሁን ተሳቢውን አፍርሰው እንደገና ሊያሠሩት ቈርጠዋል። ባለቤታቸው «ወለሉ በላሜራ ይሁንና እንገላገል» ይላሉ። እርሳቸው ግን «ብረት በፀሐይ ይግላል፥ ጣውላ ይሻላል» ይላሉ። የቈጠቡት ገንዘብ ለአንድ ጊዜ ብቻ የሚበቃ ስለ ሆነ ከሁለቱ የትኛው እንደሚሻል ምክራችንን ጠይቀዋል።

ይህ ጥያቄ የአንድ ቤተሰብ ብቻ አይደለም። ከጅቡቲ እስከ ሞምባሳ፥ ከበርበራ እስከ መቀሌ ድረስ እንዲህ ያለውን ተሳቢ ለኑሮው የሚጠቀምበት ሰው ብዙ ነው። ስለዚህ መልሳችንን ለሁሉም እንዲጠቅም ሰፋ አድርገን ለማቅረብ ወደናል።

ከወለሉ በፊት ሻንሲው

አስቀድሞ መታየት የሚገባው ወለሉ ሳይሆን ወለሉን የሚሸከመው ብረት፥ ማለት ሻንሲው ነው። ከአሮጌ ጣውላ ሥር ያለው ብረት ለብዙ ጊዜ እርጥበት ታቅፎ ስለሚኖር ከሌላው ክፍል ይልቅ የሚዝገው እርሱ ነው። እንግዲህ አሮጌው ጣውላ አንድ ሳይቀር ይነሣ። ከዚያም እያንዳንዱ አግዳሚ ብረት በትንሽ መዶሻ ይመታ። ጤነኛ ብረት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ ዝገት የበላው ግን ድምፁ የታፈነ ነው፥ ቅርፊቱም ይረግፋል። የሳሳው ብረት ተቈርጦ በአዲስ ይተካ። የቀረው በሽቦ ብሩሽ ከተፋቀ በኋላ የዝገት መከላከያ ቀለም ሁለት ጊዜ ይቀባ። ሁለተኛው የሚቀባው የመጀመሪያው በሚገባ ከደረቀ በኋላ ነው። ብየዳ ካለ ሁሉ አስቀድሞ ይለቅ፤ አዲስ ጣውላ ከተነጠፈ በኋላ መበየድ እሳት መጋበዝ ነው።

በአግዳሚዎቹ ብረቶች መካከል ያለው ርቀት የወለሉን ዓይነት ይወስናል። የአንባቢያችን ተሳቢ ርዝመቱ 244፥ ወርዱ 122 ሳንቲ ሜትር ነው። አምስት አግዳሚ ብረቶች ቢኖሩት በየመካከላቸው 61 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ይህ አራት ሳንቲ ሜትር ውፍረት ላለው ጣውላ ይበቃል። ለቀጭን ኮምፔንሳቶ ወይም ለላሜራ ግን ርቀቱ ወደ 40 ሳንቲ ሜትር መውረድ ስላለበት አግዳሚዎቹ ሰባት መሆን ይገባቸዋል። «ላሜራ ሥራው ቀላል ነው» የሚሉ ሰዎች ይህን የሁለት ብረት ጭማሪ ብዙ ጊዜ ይዘነጉታል።

ክብደቱ ሲመዘን

ብዙ ሰው ብረት ሁልጊዜ ከባድ፥ እንጨትም ሁልጊዜ ቀላል ይመስለዋል። ነገሩ ግን በሒሳብ ሲታይ እንዲህ አይደለም። የዚህ ተሳቢ ወለል ስፋቱ ሦስት ካሬ ሜትር ያህል ነው። ይህን ለመሸፈን፥

አሉሚኒየም፥ ውፍረቱ 3 ሚሊ ሜትር ቢሆን 24 ኪሎ ግራም፤
ኮምፔንሳቶ፥ ውፍረቱ 18 ሚሊ ሜትር ቢሆን 35 ኪሎ ግራም ገደማ፤
የፈረንጅ ጥድ ጣውላ፥ ውፍረቱ 4 ሳንቲ ሜትር ቢሆን 55 ኪሎ ግራም ገደማ፤
የብረት ላሜራ፥ ውፍረቱ 3 ሚሊ ሜትር ቢሆን 71 ኪሎ ግራም፤
የባሕር ዛፍ ጣውላ፥ ውፍረቱ 4 ሳንቲ ሜትር ቢሆን 96 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል።

እንግዲህ ወፍራም የባሕር ዛፍ ጣውላ ከብረት ላሜራ ይከብዳል ማለት ነው። ይህ ልዩነት ለምን እንደሚያሳስብ ወደ በኋላ ስለ ጭነቱ ስንናገር ይገለጻል።

ስለ ብረት ላሜራ

ላሜራ አሸዋ፥ ጠጠርና ድንጋይ ለሚጭን ሰው አቻ የለውም። አካፋ ሲፍቀው አይሰነጠቅም፤ ምስጥም አይደርስበትም። በደንብ ከተበየደ ሻንሲውንም ያጠነክራል። ውፍረቱ ከ3 ሚሊ ሜትር ማነስ የለበትም፤ 2 ሚሊ ሜትር የሆነው በበርሜል ጠርዝ ሥር ይጎደጉዳል፥ ከዚያም በየጉድጓዱ ውሀ ያቍራል።

ሆኖም ላሜራ ሦስት ጠላቶች አሉት። አንደኛው የከብት ሽንት ነው፤ ሁለተኛው የማዳበሪያ ብናኝ ነው፤ ሦስተኛው ጨው ነው። ከአፋር ጨው የሚያመላልስ ወይም በምጽዋና በጅቡቲ የባሕር ነፋስ የሚኖር ሰው ቀለም የተላጠበት ላሜራ ምን ያህል ፈጥኖ እንደሚበላ ያውቃል። ይልቁንም ላሜራው ከአግዳሚው ብረት ጋራ በሚገናኝበት ስንጥቅ ውሀ ሲገባ ዝገቱ ከዓይን ተሰውሮ ያድጋል። ከዚህም በላይ በቈላ ፀሐይ የጋለ ላሜራ የእንስሳትን እግር ያቃጥላል፤ ሲረጥብም ሰኮናቸው ስለሚያንሸራትት ይወድቃሉ። አንባቢያችን «ብረት ይግላል» ማለታቸው እውነት ነው።

ስለ አሉሚኒየም

አሉሚኒየም እንደ ብረት አይዝግም፥ ከሁሉም ይቀላል። ነገር ግን ዋጋው ከፍ ያለ ነው፥ ብየዳውንም የሚችል ባለሙያ በየከተማው አይገኝም። ደግሞም ጨዋማ እርጥበት ባለበት ስፍራ ቀለም በሌለው ብረት ላይ በቀጥታ ቢቀመጥ በሁለቱ ማዕድናት መካከል በሚፈጠረው ኤሌክትሪክ አሉሚኒየሙ እየተበላ ይሄዳል። ስለዚህ በመካከላቸው ከአሮጌ ከመነዳሪ የተቈረጠ የላስቲክ ጥብጣብ ማግባት ያስፈልጋል።

ስለ ኮምፔንሳቶ

የተለመደው አንድ ቅጠል ኮምፔንሳቶ ልኩ 244 በ122 ሳንቲ ሜትር ስለ ሆነ የእንደዚህ ያለውን ተሳቢ ወለል ያለ መጋጠሚያ ይሸፍናል። የቤት ዕቃ፥ ድርቆሽና እህል ለሚጭን ሰው መልካም ነው። ከመግዛት በፊት ግን ሙጫው ይመርመር። ለቤት ውስጥ ዕቃ የተሠራው ኮምፔንሳቶ ዝናብ ሲነካው ንብርብሩ ይላቀቃል። ከሻጩ ትንሽ ቍራጭ ተቀብሎ ለጥቂት ሰዓት ውሀ ውስጥ መቀቀልና ማድረቅ ጥሩ ፈተና ነው፤ ንብርብሩ ከተላቀቀ ያን ዓይነት መተው ነው። ካልተላቀቀም በአራቱም ጠርዝና በየቡሎኑ ቀዳዳ ቀለም በደንብ ይጠጣ፤ ውሀ የሚገባው ከፊቱ ሳይሆን ከጠርዙ ነውና። ለቤቶን ቅርጽ ማውጫ የሚሠራው ፊቱ ጥቍር ወይም ቡናማ የሆነው ኮምፔንሳቶ ውሀን ይቋቋማል፤ ነገር ግን ሲረጥብ ስለሚያንሸራትት ለከብት አይሆንም።

ስለ ጣውላ

ጣውላን የሚያበሰብሰው እርጥበት ብቻ ሳይሆን በእርጥበቱ ውስጥ የሚያድገው ሻጋታ መሰል ሕይወት ነው። ይህም ሕይወት በጣውላው ውስጥ ያለው እርጥበት ከ20 በመቶ በታች ከሆነ ሊያድግ አይችልም። ስለዚህ የጣውላ ወለል ዕድሜ የሚረዝመው ቶሎ እንዲደርቅ ሆኖ ሲሠራ ነው።

የዛፉም ዓይነት ልዩነት አለው። የአገራችን ጥድ ውስጠኛው ክፍል ምስጥንና ብስባሴን በተፈጥሮው ይቋቋማል፤ በቀላሉ መሰንጠቁ ግን ጕድለቱ ነው። ዝግባ ለቤት ውስጥ ሥራ ያማረ ቢሆንም ዝናብና መሬት ሲነካው ፈጥኖ ይበሰብሳል። ዋንዛ ለጠረጴዛና ለሳጥን እንጂ ለበርሜል መንከባለያ ማዋሉ ያሳዝናል። ከዚህም ጋራ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቍጥር 94 ጥድን፥ ዝግባን፥ ዋንዛንና ኮሶን ከመንግሥት ደን ያለ ፈቃድ እንዳይቈረጡ ለይቶ ጠቅሷቸው ነበር። አዋጁ በ1999፥ በኋላም በ2010 ዓ.ም. በሌሎች አዋጆች ቢተካም እነዚህን ዛፎች የመጠበቁ አሳብ አልተለወጠም። ምንጩ ያልታወቀ የጥድ ጣውላ በርካሽ ቢቀርብም የመንግሥት ሠራተኛ ቤት ሊገባ አይገባውም።

የቀረው ባሕር ዛፍ ነው። በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ዘመን፥ በ1880ዎቹ ዓ.ም. ወደ አገራችን የገባው ይህ ዛፍ ዛሬ በየሠፈሩ ይገኛል። ከሁለቱ የታወቁ ዓይነቶች ቀዩ ባሕር ዛፍ ከነጩ ይልቅ ለወለል ይመረጣል፤ ጠንካራ ነው፥ ብስባሴንም የተሻለ ይታገሣል። ነጩ ሲደርቅ በብዙ ይኮማተራል፥ ይጣመማል፥ ይሰነጠቃልም።

የባሕር ዛፍ ጣውላ እርጥቡን ከተነጠፈ ሥራው ሁሉ ከንቱ ነው። «የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች» የተባለው እዚህ ላይ ይሠራል። ጣውላው በጥላ ሥር፥ በየመካከሉ ቀጭን እንጨት እየገባ ይደርደር፤ ጫፎቹም ፈጥነው ደርቀው እንዳይሰነጠቁ ቀለም ይቀቡ። መድረቁን ለማወቅ አንድ ጣውላ በየሳምንቱ በሚዛን ይመዘን። ክብደቱ መቀነሱን ሲያቆም ደርቋል ማለት ነው። የግንዱ እምብርት ያለበት ጣውላ ግን ቢደርቅም መሰንጠቁ ስለማይቀር ሲገዛ ይለይ።

ፍርዳችን

ሁለቱንም ወገን ከሰማን በኋላ፥ ለዚህ ቤተሰብ የሚሻለው አራት ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው፥ በሚገባ የደረቀ የቀይ ባሕር ዛፍ ጣውላ ነው እንላለን። የመጀመሪያው ምክንያታችን ጭነታቸው እንስሳት መሆኑ ነው፤ በጣውላዎቹ መካከል በሚተወው ክፍተት ሽንትና ውሀ ወርዶ ወለሉ ይደርቃል፥ ሰኮናም አያንሸራትትም። ሁለተኛው ምክንያት አንዱ ጣውላ ቢጐዳ እርሱን ብቻ ፈትቶ መለወጥ መቻሉ ነው፤ ላሜራ ግን ሲበላ በያጅ መጥራት ግድ ይሆናል። ሦስተኛውም አግዳሚ ብረት መጨመር አለማስፈለጉ ነው።

ባለቤትዎ ብረት መፈለጋቸው ግን ያለ ምክንያት አይደለም። የተሰበረውን ጣውላ ያዩ ሰው ጠንካራ ነገር ቢመኙ አይፈረድባቸውም። ስለዚህ የእርሳቸው አሳብ በሌላ መንገድ ይፈጸም፤ በርሜል በሚወጣበትና በሚወርድበት በኋለኛው ጠርዝ ላይ የጣውላዎቹን ጫፍ የሚሸፍን ወርደ ጠባብ ላሜራ ይታሰር። ነገር ግን መላውን ጣውላ በላሜራ መሸፈን አይገባም፤ ውሀው ከሥሩ ታፍኖ ጣውላውንም ላሜራውንም ያጠፋልና።

አሠራሩ

ለ122 ሳንቲ ሜትር ወርድ፥ እያንዳንዳቸው 14 ሳንቲ ሜትር ተኩል የሆኑ ስምንት ጣውላዎች በየመካከላቸው 8 ሚሊ ሜትር ክፍተት እየተተወ በቁመት ይነጠፋሉ። በሁለቱ ዳር ባሉት አግዳሚዎች ላይ ለእያንዳንዱ ጣውላ ሁለት ሁለት፥ በመካከለኞቹ ሦስት አግዳሚዎች ላይ አንድ አንድ ቡሎን ቢደረግ በጠቅላላው 56 ቡሎን ያስፈልጋል። ምስማር አይበቃም፤ መንገዱ ሲያናውጠው እየወጣ ይመጣል። ቡሎኑ 10 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው፥ ጭንቅላቱ ክብና ዝቅ ያለ፥ ዚንክ የተቀባ ይሁን። ከሥር ሰፊ ሮንዴላና ዳዶ ይግባለት። ከአንድ ወር በኋላ ዳዶዎቹ ሁሉ እንደገና ይጥበቁ።

ጣውላው ከመታሰሩ በፊት በስድስቱም ፊት፥ ይልቁንም በጫፎቹና በቀዳዳዎቹ፥ የተልባ ዘይት በስሱ ይቀባ። ሲደርቅም ይደገም። በዓመት አንድ ጊዜ ከክረምት በፊት ቢታደስ መልካም ነው። እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለን። የተልባ ዘይት የጠጣ ጨርቅ ተጨማዶ ከተጣለ ሲደርቅ በራሱ ሙቀት ሊቀጣጠል ይችላል። ስለዚህ ጨርቁ ውሀ ውስጥ ይነከር፥ ወይም ደጅ ተዘርግቶ ይድረቅ።

ብዙዎች በዚህ ፈንታ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ይቀባሉ። ዋጋ ባይጠየቅበትም እኛ አንመክረውም። አይደርቅም፥ ያንሸራትታል፥ ለጤና ጎጂ የሆኑ ነገሮችን ይዟል። ድርቆሽ በሚጫንበት ወለል ላይ ከተቀባ ወደ እንስሳቱ አፍ መድረሱ አይቀርም።

ስለ ጭነቱ

ደብዳቤውን ስናነብ ከጣውላው ይበልጥ ያሳሰበን የበርሜሎቹ ቍጥር ነው። ወይዘሮዋ በአንድ ጊዜ አራት በርሜል እንደሚጭኑ ጽፈዋል። አንድ ባለ 200 ሊትር በርሜል ከነውሀው 220 ኪሎ ግራም ያህል ነው፤ አራቱ 880 ይሆናሉ። ሻንሲው ከነጎማው 200፥ አዲሱ ወለል 96 ኪሎ ግራም ቢመዝን ድምሩ 1,176 ኪሎ ግራም ነው። ብዙዎቹ የፒክአፕ አምራቾች ግን የራሱ ፍሬን ለሌለው ተሳቢ የሚፈቅዱት ከነራሱ ክብደት እስከ 750 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። የመኪናዎን መጽሐፍ ይመልከቱ። ወሰኑ ይህ ከሆነ መጫን የሚገባው ሁለት በርሜል ብቻ ነው፤ ያን ጊዜ ድምሩ 736 ኪሎ ግራም ይሆናል። ከዚህ የበለጠ መጫን የሚያስፈልግ ከሆነ ለተሳቢው ፍሬን ይሠራለት። ከወለል የተረፈ ገንዘብ ቢኖር ከዚህ የተሻለ ሊውልበት የሚችል ነገር የለም።

በርሜሎቹም በሙሉ እንጂ በግማሽ አይሞሉ፤ ግማሽ በርሜል ውሀ በመታጠፊያ ላይ እየተናወጠ ተሳቢውን ይገፋዋል። ጭነቱም ከጎማው ጥቂት ወደ ፊት አዘንብሎ ይቀመጥና በገመድ ይታሰር። ወደ ኋላ የተጫነ ተሳቢ የመኪናውን ጅራት ወዲያና ወዲህ እያላጋ ከመንገድ ያወጣል።

ስለ ሕፃኑ ግን ረዥም ምክር አያሻም። ከጣውላም ከላሜራም የተሠራ ቢሆን ተሳቢ የሰው መቀመጫ አይደለም። ልጁ ከፊት፥ ከአባቱና ከእናቱ አጠገብ በመቀመጫ ቀበቶ ታስሮ ይቀመጥ፤ ስፍራ ካልበቃም ከቤት ይቈይ።

ጥቂት ቃላት ለተማሪዎች

አማርኛን በመማር ላይ ያሉት የመሥሪያ ቤት አንባቢዎቻችን በጋራዥ የሚሰሟቸውን ቃላት በመዝገበ ቃላት ፈልገው እንዳጡ አንዳንድ ጊዜ ይነግሩናል። ከእነዚህ ብዙዎቹ ከኢጣልያንኛ የመጡ ናቸው። ላሜራ ዝርግ ብረት ነው፤ ኮምፔንሳቶ ስስ እንጨት ተነባብሮ የተጣበቀበት ሰሌዳ ነው፤ ዳዶ ቡሎንን ከሥር የሚያጠብቀው ብረት ነው፤ ሮንዴላ በዳዶውና በዕቃው መካከል የሚገባው ቀለበት ነው፤ ከመነዳሪ በጎማ ውስጥ ነፋስ የሚይዘው ላስቲክ ነው። አነጋገራቸው እንደ ሠራተኛው ጥቂት ቢለዋወጥ አትደነቁ።

«ተሳቢ» ግን ከራሳችን «ሳበ» ከሚለው ግሥ የተገኘ ነው። በሰዋስው ትምህርት «ተሳቢ» የተባለው በግሡ የሚሳበውን፥ ማለት ድርጊቱ የሚያርፍበትን ስም ነው። «አናጢው ጣውላውን ቈረጠ» ባልን ጊዜ «ጣውላውን» የሚለው ተሳቢ ነው። በመንገድ ላይ ደግሞ ተሳቢ በመኪና የሚሳበው ነው። በጽሕፈት ፈተና የመጀመሪያውን፥ በጋራዥ ሁለተኛውን ማስታወስ ይበቃል።

በሚመጣው ሳምንት የውሀ በርሜልን ከውስጥ ስለ ማጽዳትና ከዝገት ስለ መጠበቅ እንጽፋለን። በዚህ ነገር ልምድ ያላቸው አንባቢዎች አሳባቸውን ቢልኩልን በደስታ እንቀበላለን።